የትናንቱና የዛሬው የኮምፒዩተር ገጽ፤ ናፍቆትና መሥፈርት



ባለሙያዎች በተሰበሰቡበት ስለ ኮምፒዩተር በተነሣ ቁጥር «የድሮው ይሻል ነበር» የሚል ድምፅ መሰማቱ የተለመደ ነው። በጥቁር መደብ ላይ አረንጓዴ ፊደል የሚያበራው ስክሪን ይናፈቃል፤ ግራጫው የዊንዶውስ 95 መስኮትም እንዲሁ። የዚህ ንግግር ዓላማ ናፍቆቱን ማሞገስ ወይም መንቀፍ ሳይሆን፣ በውስጡ ያለውን የምሕንድስና ፍሬ ነገር ከወጣትነት ትዝታ ለይቶ ማሳየት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1978 የወጣው ቪቲ 100 የተባለው ተርሚናል በአንድ ገጽ 24 መስመር፣ በአንድ መስመርም 80 ፊደል ያሳይ ነበር። 80 የተባለው ቁጥር አይቢኤም በ1928 ካወጣው፣ በቀዳዳ መረጃ ከሚይዘው ካርድ የተወረሰ ነው። በዚህ ጠባብ ገጽ ላይ ማውስ አልነበረም። ነገር ግን ያው ትእዛዝ ሲጻፍ ያው ውጤት ይገኝ ስለነበር፣ በየቀኑ የሚሠራበት ሰው ጣቶቹ መንገዱን ይለምዱታል፤ ዐይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣም ሥራውን ይፈጽማል።

ዊንዶውስ 95 ደግሞ ሌላ ብልኃት ነበረው። ብርሃን ከላይ በግራ በኩል የወረደ አስመስሎ የቁልፎቹን አንደኛውን ጠርዝ ያነጣል፣ ሌላውን ያጠቁራል፤ ስለዚህ የሚጫነው ነገር ከፍ ብሎ፣ የተጫነውም ሰርጎ ይታያል። በሜኑው ላይ ከሥሩ የተሰመረበት ፊደል አቋራጩን መንገድ ያስተምራል። ከዚያ በኋላ የመጡት ገጾች ይህን ምልክት እየቀነሱ ሄዱ። በ2011 የማክ ኮምፒዩተር የማንሸራተቻውን አሞሌ መደበቅ ጀመረ፤ በ2013 አይኦኤስ 7 የብዙዎቹን ቁልፎች ጠርዝ አስቀረ። በ2012 ዊንዶውስ 8 ያነሣው የስታርት ቁልፍ ግን ቅሬታ ስለበዛበት በዓመቱ ተመልሷል።

ይሁን እንጂ የድሮው ገጽ ለሁሉም እኩል ደግ አልነበረም። በ1963 የጸደቀው አስኪ የተባለው የፊደል ኮድ 128 ቦታ ብቻ ነበረው፤ በተለመደው የፒሲ የጽሑፍ ገጽም በአንድ ጊዜ የሚታዩት ቅርፆች 256 ነበሩ። የግዕዝ ፊደል ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከ300 በላይ ስለሆነ በዚያ አይበቃም። አማርኛ ከኮምፒዩተር ጋር በምቾት የተገናኘው ፊደልን እንደ ሥዕል የሚስለው ገጽ ከመጣና በ1999 ዩኒኮድ 3.0 የግዕዝን ፊደል ከተቀበለ በኋላ ነው። ያለፈውን የሚናፍቅ ሰው ይህን ሊዘነጋ አይገባውም።

ጉዳዩ የምርጫና የመልክ ብቻ አለመሆኑን አንድ አደጋ ያስረዳል። ነሐሴ 21 ቀን 2017 ጆን ኤስ ማኬይን የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ በሲንጋፖር አጠገብ ከነዳጅ ጫኝ መርከብ ጋር ተጋጭታ 10 መርከበኞች ሞቱ። የመርከቧ ፍጥነት ይታዘዝ የነበረው በሚዳሰስ ስክሪን ነው። መርከበኞቹ የሁለቱ ዘንጎች መቆጣጠሪያ ተለያይቶ እንደነበር ስላልተረዱ አንደኛውን ብቻ ቀነሱ፤ መርከቧም ወደ ግራ ዞረች። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2019 ባወጣው ዘገባ የሥልጠናንና የቁጥጥርን ጉድለት በዋናነት ከጠቀሰ በኋላ፣ የስክሪኑም አሠራር ለስሕተት የሚያጋልጥ እንደነበር ገለጸ። በእጅ የሚጨበጡ ዘንጎች ቢሆኑ ኖሮ መለያየታቸውን እጅ ራሱ ባወቀው ነበር። የባሕር ኃይሉም በዚያው ዓመት ወደሚጨበጠው መቆጣጠሪያ ለመመለስ ወሰነ። አበው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

እንግዲህ ከናፍቆቱ ተጣርተው የሚቀሩት መሥፈርቶች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ መሣሪያው ያለበት ሁኔታ ሳይፈለግ ይታይ፤ ሁለተኛ፣ አንድ ዓይነት ድርጊት ምንጊዜም አንድ ዓይነት ውጤት ይስጥ፤ ሦስተኛ፣ የሠራተኛው እጅ የለመደው ነገር ያለ በቂ ምክንያት ከቦታው አይነሣ። ለባንክ፣ ለሆስፒታል ወይም ለኃይል ማመንጫ ሥርዓት የሚመርጥ መሐንዲስ የገጹን ውበት ከመመልከቱ በፊት፣ የሚሠራበትን ሰው አጠገቡ አስቀምጦ በእነዚህ ሦስቱ ይመዝነው። ሚዛኑን ያለፈ አዲስ ገጽ ይግባ፤ ያላለፈው ግን፣ አዲስም ሆነ አሮጌ፣ ይቅር።