ገጽ ለገጽና በበይነ መረብ ስለ መማር



በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአገራችን ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ፣ የኮሌጅ ተማሪ የነበረችው እኅቴ ቴፒ አጠገብ ወዳለው ቤታችን ተመለሰች። ትምህርቱ በቴሌግራም ይላክላት ነበር። እርስዋ ግን ኔትወርክ ፍለጋ ከቡናው ማሳ በላይ ወዳለው ኮረብታ ትወጣ ነበር፤ ዝናብ ሲጥል ትምህርቱም ይቀራል።

ከዚህ ሁለት ነገር ተማርሁ። አንደኛ፣ በበይነ መረብ መማር ይጠቅማል፤ ተማሪው ማብራሪያውን ደጋግሞ ይሰማዋልና። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በሚዛን አማንና በቴፒ የተራራቁ ናቸው፤ በዚህ መንገድ ግን አንድ መምህር በሁለቱም ሊሰማ ይችላል። ሁለተኛ፣ ቡና መግረዝን ወይም ቁስል ማሰርን በስልክ ብቻ የሚለምድ የለም፤ እጅ የሚሠለጥነው በመምህር ፊት ነው።

ስለዚህ ኮሌጆቻችን ሁለቱን ያጣምሩ እላለሁ። ነገር ግን አስቀድሞ ለገጠሩ ልጅ መብራትና ኮምፒውተር ይታሰብለት፤ ትምህርቱም አንድ ጊዜ ከተቀዳ በኋላ ያለ ኔትወርክ የሚነበብ ይሁን። አለዚያ በሩን የከፈትን መስሎን፣ ኮረብታው ላይ በቆመችው እኅታችን ላይ እንዘጋዋለን።