ሕግ ሊማሩ የሚሹ ልጆችን ከገጠር ትምህርት ቤት ጀምሮ ስለ ማሰናዳት፤ በሐዋሳ ከተማ ለመምህራንና ለሽማግሌዎች የተደረገ ንግግር



ዛሬ በሐዋሳ ከተማ የተሰበሰብንበት ምክንያት ሕግ ተምረው ዳኛ፥ ዐቃቤ ሕግ ወይም ጠበቃ ለመሆን የሚመኙትን ልጆች ገና ከገጠር ትምህርት ቤት ሳይወጡ እንዴት አድርገን እንደምናሰናዳቸው ለመመካከር ነው። ይህ ነገር የከተማ ሰው ጉዳይ ነው እንጂ ለገጠር ምኑ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ስለዚህ አስቀድሜ በዓይኔ ያየሁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ገበሬ በመሬት ክርክር ተረትቶ የፍርዱን ግልባጭ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ወረቀቱንም በጨርቅ ጠቅልሎ ከሣጥኑ ውስጥ አኖረው። በቤቱ ዘጠነኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ነበረው፤ ነገር ግን አባት ልጁን አንብብልኝ አላለውም፥ ልጁም አባቱን ላንብብልህ አላለውም። ቡናው ተለቅሞ ተሽጦ ጥቂት ገንዘብ ከተገኘ በኋላ ወረቀቱን ይዞ ወደ እኔ ሲመጣ ቀኑን ብንቆጥረው 73 ሆኖ ተገኘ። በ1958 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ይግባኝ የሚቀርበው ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀን ውስጥ ነው ይላል። በቂ ምክንያት ያለው ሰው ጊዜው ካለፈ በኋላም ቢሆን አስፈቅዶ ይግባኙን ሊያቀርብ ይችላል፤ ወረቀቱ በሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር ማለትን ግን እንደ በቂ ምክንያት የሚቀበል ዳኛ በቀላሉ አይገኝም። መሬቱ የርሱ ይሁን የባላጋራው እኔ አላውቅም። የማውቀው ነገሩ ዳግመኛ ሳይመረመር በቀን ቁጥር ብቻ መዘጋቱን ነው።

እንግዲህ ልጆችን ለሕግ ትምህርት እናሰናዳ ስል በአእምሮዬ ያለው ያ ሣጥን ነው።

አገራችን ለክርክር እንግዳ አይደለችም። ፍትሐ ነገሥት በግእዝ ተጽፎ ሊቃውንቱ ከነትርጓሜው ሲያስተምሩት ብዙ ዘመን ኖሯል። ፊደል ያልቆጠረውም ሰው ቢሆን «በላ ልበልሃ» እያለ ከዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ ሲሟገት፥ ነገሩን መልክ መልክ አስይዞ የማቅረቡ ብልሃት ሰሚውን ያስደንቅ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸውን ቋጥረው ተያይዘው ወደ ዳኛ ይሄዱ እንደ ነበር ከእናንተ መካከል ከአባቱ የሰማ አይጠፋም። በዚህ በሲዳማም ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው «አፊኒ» ይላሉ፤ ይኸውም «ሰማችሁን?» ማለት ነው፤ አጥብቀው የሚሹትም ሐላሌ የሚባለውን እውነት ነው። ስለዚህ ልጆቹ ወደ ሕግ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ባዶ እጃቸውን ይሄዳሉ ማለት አይቻልም። የጎደለው ይህ የቃል ዕውቀት ከወረቀቱ ጋራ አለመገናኘቱ ነው።

የዘመናዊው የሕግ ትምህርት ታሪክ አጭር ነው። የመጀመሪያው የሕግ ፋኩልቲ በአዲስ አበባ በ1956 ዓ.ም ተከፈተ፤ ለብዙ ዘመንም ሕግ ለመማር የፈለገ የደቡብ ልጅ ወደዚያ መሄድ ነበረበት። እዚህ በ1968 ዓ.ም የእርሻ ኮሌጅ ቆመ፤ በ1992 ዓ.ም ከሌሎች ኮሌጆች ጋራ ተባብሮ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ኋላም በከተማው ስም ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ዛሬ የሕግ ትምህርት ቤት አለው፤ ጠበቃ ለመያዝ ዐቅም ለሌላቸውም ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ይኸን በሩቅ ላለ ጎረቤታችሁ ንገሩልኝ።

ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ እንዲህ ነው። ልጁ የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ማለፍ አለበት፤ ከዚያ በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን ዓመት ከሌሎች ጋራ በአንድነት ተምሮ፥ በምርጫውና በውጤቱ ወደ ሕግ ይመደባል፤ በመጨረሻውም የመውጫ ፈተና አለ፥ ይህም በአገራችን ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ ከሌሎች ትምህርቶች ሁሉ ቀድሞ በሕግ የተጀመረ ነው። ሕግ እማራለሁ ብሎ ሒሳብን የሚንቅ ተማሪ አጋጥሞኛል። የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪም ሒሳብ እንደሚፈተን ጊዜው ሳያልፍ ልትነግሩት ይገባል።

አሁን ከሁሉ የከበደው የቋንቋ ነገር ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። የሲዳማ ገጠር ልጅ በታች ክፍል በሲዳምኛ ይማራል፤ የክልሉም የሥራ ቋንቋ ሲዳምኛ ነው። የፌዴራሉ ሕግ የሚነበበው በአማርኛ ነው። በሕግ ትምህርት ቤት ግን መምህሩ የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ ነው። አንድ ልጅ አንድን ነገር በሦስት ቋንቋ ተሸክሞ መሄድ አለበት ማለት ነው። ሕጉም ራሱ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ የተሻገረ ነው፤ በ1952 ዓ.ም የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ረቂቅ ያሰናዱት ሬኔ ዳቪድ የተባሉ ፈረንሳዊ ሊቅ ስለ ነበሩ፥ መጀመሪያ የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነው፤ አማርኛው አንዳንድ ስፍራ ቢከብደን የሚያስገርም አይደለም። ስለዚህ ልጁ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በሦስት ዐምድ የተከፈለ ደብተር ይያዝ። በአንዱ ዐምድ ቃሉን በእናቱ ቋንቋ፥ በሁለተኛው በአማርኛ፥ በሦስተኛው በእንግሊዝኛ ይጻፍ። ለምሳሌ ይርጋ የሚለውን ቃል እንውሰድ፤ መብት በጊዜ ማለፍ ምክንያት በፍርድ ቤት የማይጠየቅ ሲሆን ይርጋ ይባላል። ቃሉ የመጣው ከረጋ ነው፤ የተናወጠው ነገር በጊዜ ብዛት እንደ ወተት ረግቶ ይቀራል። ይኸን ለልጆች የገለጽኩላቸው ጊዜ አንዲት ልጅ በሲዳምኛ ምን እንደሚባል አያቷን ጠይቃ መጣች፤ አያቷም እርሷም የዚያን ቀን የሕግ ተማሪዎች ሆኑ።

ሁለተኛው ዝግጅት ክርክር ነው። በዚህ ረገድ የራሴን ጥፋት አልሸሽግም። አንድ ጊዜ ጎበዝ የምላትን ተማሪ የሕግ አንቀጾችን በቃሏ አስጠንቅቄ አቆምኋት፤ እንደ ውሃ ወረደችው። ከእንግዶቹ አንዱ «አሁን ደግሞ ለሌላው ወገን ሆነሽ ተከራከሪ» ቢላት ዝም ብላ ቀረች። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ መልስ አስተማርኋት እንጂ ጥያቄ አላስተማርኋትም።

ከዚያ ወዲህ የማደርገው እንዲህ ነው። የአንዱ ላም ገመዷን በጥሳ የጎረቤቱን እንሰት አጠፋች እንበል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 እንስሳይቱ በድንገት ብታመልጥም ባለቤቱ ለጉዳቱ ኀላፊ ነው። አንዱ ልጅ ለባለ እንሰቱ ይቁም፤ ሌላው ለባለ ላሟ ቆሞ አጥሩን ማን አፈረሰው፥ ተጎጂው ራሱ ጥፋት የለበትምን ብሎ ይመርምር። ከዚያ ቦታ ይለዋወጡ። በመጨረሻ እያንዳንዳቸው የባላጋራቸውን ነገር ባላጋራው ራሱ «አዎን፥ እንዲህ ነው ያልሁት» እስኪል ድረስ አስተካክለው ይናገሩ፤ ከዚያም በአንድ ገጽ ይጻፉት። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይከብዳል፥ ከሁሉም ይጠቅማል። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የሚባለው እንዲህ ሲደረግ ነው። ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ያሰናዳው የምስለ ችሎት ውድድርም በዚሁ መንገድ ነው፤ ለተማሪዎቹ የታሰበ ጉዳይ ይሰጣቸዋል፥ ክርክራቸውን በጽሑፍ ያሰናዳሉ፥ ኋላም በዳኞች ፊት በቃል ይሟገታሉ።

አሁን ደግሞ የማያስደስተውን ልናገር። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ከ100 ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 3 ያህል ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም 8 ያህል ሆነዋል። ስለዚህ ከምናሰናዳቸው ልጆች የሚበዙት ወደ ሕግ ትምህርት ቤት አይገቡም። ይኸንን ለወላጅና ለልጅ ከመጀመሪያው ቀን መንገር ይገባል፤ ልጄ ዳኛ ይሆንልኛል ብሎ በሬውን የሸጠ አባት ኋላ ቢያዝንብን ይፈረድብናል። ነገር ግን የፍርድ ወረቀት አንብቦ ቀን የሚቆጥር፥ ውል ሳይፈረም ቃል በቃል የሚመረምር፥ ክርክር ሲነሣ ሁለቱንም ወገን የሚሰማ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ባይገባም በቀበሌው የሚፈለግ ሰው ነው። ለሴቶች ልጆች ይልቁንም ያስፈልጋል። ሽማግሌዎች አባቶቼ አትቀየሙኝ እንጂ፥ በሶንጎ ስፍራ ያልነበራት ልጅ በችሎት ስፍራ ሊኖራት ይገባል፤ በሕጉ ጋብቻ ከ18 ዓመት በታች እንደማይፈጸምም እርሷው አንብባ ትንገራችሁ።

ሥራውን እንዲህ ብንከፋፍለው እወዳለሁ። መምህራን በየቅዳሜው ሁለት ሰዓት ንባቡንና ጽሕፈቱን ይያዙ። ሽማግሌዎች በየወሩ አንድ ጊዜ መጥታችሁ የታረቀ ጉዳይ የሰዎቹን ስም ሳትጠሩ ንገሯቸው፤ ያስታረቃችሁበትን ግን ልጆቹ ፈርደው ሳይጨርሱ አትግለጡ። የሕግ ተማሪዎችና ምሩቃን እንደ ታላቅ ወንድምና እኅት ሆነው የልጆቹን ጽሑፍ እንዲያርሙ ትምህርት ቤታቸውን በደብዳቤ እንለምን። በዓመት አንድ ቀንም ልጆቹን ለሕዝብ ክፍት ወደ ሆነ ችሎት ወስደን በጸጥታ እናስቀምጣቸው፤ ዳኛው ከሚናገረው ይልቅ የሚያዳምጥበትን ሁናቴ ይመልከቱ።

የትምህርት ቤቱ ቁልፍ ቅዳሜ በማን እጅ እንደሚሆን ግን ዛሬ ሳንለያይ እንቍረጥ። ባለፈው ዓመት በአንድ ስፍራ ቁልፍ ያዡ ገበያ ወርዶ ልጆቹ እስከ ቀትር ደጅ ቆመው ተመልሰዋልና።