ሳይቃጠል በቅጠል
(በጋምቤላ ከተማ ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)

ብዙዎቻችሁ ባገኛችሁን ቁጥር፣ «መኪናዋ ዛሬም ተበላሸች ወይ?» እያላችሁ ስትጠይቁን ቆይታችኋል። ዛሬ መልሱን በግልጽ እንናገራለን።

አዎን፤ ባለፈው ዓመት የፊት ጎማዋ ኩሽኔት ብቻ 3 ጊዜ ተቃጠለ። እርሱ ሲጠገን ባሌስትራው ይሰበራል፤ ባሌስትራው ሲለወጥ ራዲያተሩ ይፈላል። መለዋወጫው ጋምቤላ ሲታጣ መቱ፣ መቱ ሲታጣ አዲስ አበባ ድረስ እናስፈልጋለን። ብዙ ቀን ጠብቀን የመጣው ዕቃ ልኩ ሳይሆን ቀርቶ የመለስንበት ጊዜም አለ።

በሚያዝያ ወር የበቆሎ ዘር ጭነን ወደ አቦቦ በኩል ልንነሣ ስንል ኩሽኔቱ ለ3ኛ ጊዜ ተቃጠለ። ዘሩ 12 ቀን መጋዘን ውስጥ ተቀመጠ፤ ዝናቡ ግን አልጠበቀንም። በመጨረሻ ስንደርስ አንዲት እናት የቆፈሩትን መሬት አረም ውጦት አሳዩን። «ዘሩን ተቀበልን፤ ያለፈውን ጊዜ ግን ከየት እናምጣው?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ከዚያ ወዲህ ደብተር ከፈትን። ምን እንደ ተሰበረ፣ መቼና ከየትኛው ጉዞ በኋላ እንደ ሆነ ያለፈውንም ጭምር እያስታወስን ጻፍን። ኩሽኔቱ 3ቱንም ጊዜ የተቃጠለው ጅረት ከተሻገርን በኋላ ነበር። ምክንያቱን አንድ አረጋዊ መካኒክ አስረዱን። ብዙ መንገድ የሮጠ ጎማ መሐሉ ይግላል፤ እንደ ጋለ ውኃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ባረጀው ላስቲክ በኩል ውኃና ጭቃ ይስባል። ግራሶው ይታጠባል፤ ኩሽኔቱም ይደርቅና ይቃጠላል። እኛ 3 ጊዜ ኩሽኔት ስንገዛ፣ ውኃ የሚከለክለውን ትንሽ ላስቲክ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልለወጥንም!

ራዲያተሩም እንዲሁ ነው። በረጅሙ ሣር ውስጥ ስንጓዝ የሣር ፍሬ ይደፍነዋል። ከተማ ውስጥ አያስታውቅም፤ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ላይ ካለችው ጋምቤላ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳላት ጎሬ ዳገቱን ስንወጣ ግን ይፈላል።

በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 12 ስለ ንጉሥ ኢዮአስ እናነባለን። ለቤተ መቅደሱ ጥገና ገንዘብ ይሰበሰብ ነበር፤ ሆኖም እስከ 23ኛው የንግሥናው ዓመት ድረስ የፈረሰው አልተጠገነም። ካህኑ ዮዳሄ ክዳኑ የተነደለ ሣጥን አቁሞ ገንዘቡ ለብቻው ከተጠራቀመና ለሠራተኞቹ ከተከፈለ በኋላ ነው ሥራው የተፈጸመው። ወገኖች ሆይ፤ መኪና ለመግዛት ሁላችን በደስታ እንሰጣለን፤ ለግራሶ መግዣ ግን ማን ተነሥቶ ያውቃል? እኛም ራሳችን ስለ አዲስ መኪና ስንጸልይ ያለችንን ረስተናት ነበር።

በ1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቁሞ ነበር። በዚያ ዘመን ከካርቱም የሚመጡት መርከቦች እዚህ የሚደርሱት በክረምት፣ ወንዙ ሲሞላ ነበር። መርከብ ክረምትን ይጠብቅ ነበር፤ የእኛ መኪና ግን ክረምት ሳይቀድማት መዘጋጀት አለባት። ስለዚህ ከእንግዲህ ዋናውን ጥገና በየካቲት እናደርጋለን። ጅረት በተሻገርን ቁጥር ጎማው ተፈትቶ ይታያል፤ ግራሶውም ይለወጣል።

ደብተሩ አሮጌውን አዲስ አያደርግም። መኪናዋ የምታርፍበት ቀን ይመጣል፤ ያን ጊዜም ደብተሩን ይዘን ሳናፍር እንነግራችኋለን። እስከዚያው የምንለምናችሁ እያንዳንዱ ማኅበረ ምእመናን በየወሩ ጥቂት ለጥገና ብቻ እንዲለይ፣ በመካከላችሁ ያሉ መካኒኮችም በዓመት አንድ ቀን እጃቸውን እንዲያውሱን ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶቻችን። የእኛ ቅጠል ግራሶ ነው።

ጌታ ይባርካችሁ።