የማስተማሪያ አይሮፕላን አምሳል በቀርከሃ ስለ መሥራት፤ በአዊ አገር ላሉ መምህራንና ሽማግሌዎች የተደረገ ንግግር



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንዲት ትንሽ አይሮፕላን ነው። ይህች አይሮፕላን የተሠራችው ሰው መብረር እንዲማርባት ነበረ። ስምዋም በስዊድን ቋንቋ ሳፊር ይባላል፤ ይኸውም በመጽሐፍ ሰንፔር የተባለው ዕንቍ ነው። የእንጅባራና የዳንግላ ገጠር ተማሪዎች የእርስዋን አምሳል በአገራቸው ቀርከሃ ሊሠሩት ይችላሉ፤ ስለ ምንና እንዴት እንደ ሆነ ላስረዳችሁ።

አስቀድሞ ግን ከሽማግሌዎች ዘንድ የሚነሣውን ነገር ማዳመጥ ይገባል። «አባቶቻችንን በመርዝ ያቃጠለውን መሣሪያ ልጆቻችን ስለ ምን መጫወቻ ያደርጉታል?» የሚል አለ። ይህ ቃል እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አይሮፕላኖች በወታደሩም በባላገሩም ላይ የሰናፍጭ ጋዝ የተባለውን መርዝ እንዳዘነቡ በታሪክ ተጽፏል። የአይሮፕላን ድምፅ ያን ጊዜ የሞት ምልክት ስለ ነበረ ፍርሃቱ ከአባት ወደ ልጅ ቢተላለፍ አያስደንቅም።

ነገር ግን በዚያው ጦርነት ሌላም አይሮፕላን በሰማያችን ላይ ነበረ። ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን የተባለ የስዊድን ተወላጅ ለቀይ መስቀል ቁስለኞችን በአይሮፕላን ያመላልስ ነበር። ይኸው ሰው ከጠላት መባረር በኋላ ተመልሶ በቢሾፍቱ የኢትዮጵያን አየር ኃይል የሚያሠለጥኑትን ስዊድናውያን መራ። በግንቦት 1939 ዓ.ም. ከስቶክሆልም ተነሥቶ ከ6200 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን መንገድ ሳያርፍ በ31 ሰዓት ያህል በርሮ አዲስ አበባ ሲደርስ፥ የመጣባት አይሮፕላን ሳፊር ነበረች። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. በጎዴ ሕይወቱ አለፈ።

በአገራችን መብረር ግን ከእርሱ በፊት ተጀምሯል። የመጀመሪያው አይሮፕላን፥ ፖቴዝ 25 የተባለው፥ አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊም በፈረንጅ አቆጣጠር በ1930 ብቻቸውን ለመብረር በቁ። ፖቴዝ ሁለት ድርብ ክንፍ ያለው፥ ጅራቱን በመሬት ላይ አሳርፎ የሚቆም ነበረ። ሳፊር ግን አንድ ክንፍ ብቻ ከሆድዋ በታች ያላት፥ ከአፍንጫዋ ሥር አንድ ከክንፍዋም ሥር ሁለት መንኰራኵር ያላት፥ በበረራም ጊዜ መንኰራኵርዋን ወደ ውስጥ የምታጥፍ ናት። የመጀመሪያዎቹ ሳፊሮች ሞተር የ145 ፈረስ ጉልበት ነበረው። ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በእንጅባራ ሲሰበሰቡ ያየ ልጅ ይህን ቍጥር ለመገመት አይቸገርም። አይሮፕላንዋ ዘመንዋን ፈጽማ ቦታዋን ለሌሎች ለቅቃለች፤ ስለዚህ ልጆቻችን ሊያውቋት የሚችሉት በሥዕልና በአምሳል ነው።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ልጆቻችን ከጭቃ በሬ ይሠራሉ፤ ቀንዱ ግን ከእግሩ ይወፍራል፥ ሻኛውም ከራሱ ይበልጣል። ይህ ለጨዋታ መልካም ነው። አምሳል የሚባለው ግን ሁሉም ክፍል በአንድ ልክ ሲቀንስ ነው። የሳፊር ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 10 ሜትር ከ60 ነው። ከ20 አንድ እጅ ብናደርገው 53 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ቁመትዋ ከአፍንጫ እስከ ጅራት ከ8 ሜትር በጥቂት ያነሰ ነውና ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። እነዚህን ሁለት ቍጥሮች ተማሪው ራሱ አካፍሎ ያግኛቸው፤ መምህሩ አስቀድሞ በሰሌዳ ላይ ከጻፈለት ትምህርቱ ገና ሳይጀመር አለቀ ማለት ነው። ደግሞም በአምሳሉ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር መሳሳት በእውነተኛው ላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር መሳሳት መሆኑን ይወቅ።

ከዚህ በኋላ አይሮፕላንዋ በሦስት ገጽ ትሣል፤ ከጎን፥ ከላይና ከፊት። ከፊት የሚታየውን ሥዕል ብዙዎች ይተዉታል። ነገር ግን ክንፎቹ ከሆድ ተነሥተው ወደ ጫፍ ሲሄዱ በጥቂቱ ሽቅብ እንደሚያዘነብሉ የሚታየው በእርሱ ብቻ ነው። ይህ ማዘንበል ለውበት የተደረገ አይደለም፤ አይሮፕላንዋ ወደ አንድ ጎን ስትጋደል ወደ ቦታዋ እንድትመለስ ይረዳታል።

ቀርከሃው ደረቅ ይሁን። እርጥብ ቀርከሃ ሲደርቅ ይኰማተራልና የታሰረበት ክር ይላላል፥ ክንፉም ይጣመማል። በቀጭኑ ተሰንጥቆ በፍም ሙቀት ላይ ቀስ ተብሎ ሲታጠፍ የታጠፈበትን ቅርጽ ይዞ ይቀራል፤ ይህን ቅርጫት የሚሠሩ ሰዎች ከእኔ ይልቅ ያውቁታልና ወደ ትምህርት ቤት ተጋብዘው ቢያሳዩ እወዳለሁ። ረጅሙ ስንጣሪ የክንፉ አውራ አጥንት፥ አጫጭሮቹ ጎድን ይሆናሉ፤ በላዩ ወረቀት በዱቄት ማጣበቂያ ይለበጣል። መንኰራኵሩ ካረጀ የበረባሶ ጎማ ይቈረጣል።

ብዙ አምሳል የሚበላሽበት ቦታ ግን ሌላ ነው። የመንኰራኵሩ አቋም ሦስት እግር ስለ ሆነ፥ ባዶ አፍንጫ ያለው አምሳል በጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ጅራቱን ይጥልና አፍንጫው ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል። በእውነተኛይቱ አይሮፕላን አፍንጫ ውስጥ ከባድ ሞተር አለ፤ በአምሳሉ ውስጥ ግን የለም። ስለዚህ አፍንጫው በወረቀት ከመዘጋቱ በፊት ትንሽ ጠጠር በሰም ይጣበቅበት። ከተዘጋ በኋላ ያሰበው ሰው መልሶ መቅደድ ይኖርበታል። የሚበቃው ጠጠር ምን ያህል እንደ ሆነ ለማወቅ አምሳሉን በፈትል አንጠልጥሎ መፈተን ነው። ይህ ሥራ ስለ ሚዛን ከአንድ ወር ቃል ትምህርት ይልቅ ያስረዳል ብዬ አምናለሁ።

ከፍ ላሉት ክፍሎች ደግሞ የሚከተለው ሒሳብ ይሰጥ። ቁመት ከ20 አንድ እጅ ሲቀንስ ስፋት ከ400፥ ይዘት ከ8000 አንድ እጅ ይቀንሳል። የሳፊር ክንፍ ስፋት 13 ነጥብ 6 ካሬ ሜትር ስለ ሆነ የአምሳሉ 340 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ለስሌት እንዲመች ክብደትዋን 1000 ኪሎ ብንል፥ ከዚያው ዕቃ የተሠራ አምሳል 125 ግራም ብቻ ይመዝናል። እንግዲህ የትንሹ ክንፍ እያንዳንዱ ጋት የሚሸከመው፥ የትልቁ ክንፍ ጋት ከሚሸከመው ከ20 አንድ እጅ ነው። ትናንሽ ነገሮች በቀላሉ የሚንሳፈፉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ደግሞም ሁሉ ነገር አብሮ እንደማይቀንስ ይታያል፤ የምንተነፍሰው አየር ለአምሳሉ ሲባል ከ20 አንድ እጅ አይሆንም።

ለመምህራን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። እንግዳ ሊመጣ ነው በተባለ ጊዜ መምህሩ ራሱ አሳምሮ ይሠራና ተማሪዎቹን በዙሪያው ያቆማቸዋል፤ እንግዳው ሲሄድም አምሳሉ በቁም ሣጥን ይቈለፍበታል። እንዲህ ከሚሆን ባይሠራ ይሻላል። ክንፉ የተጣመመ፥ ነገር ግን የአምስተኛ ክፍል ልጆች ራሳቸው ለክተው ያሰሩት አምሳል ይበልጥብኛል። ሴቶች ልጆችም ካራውንና ማስመሪያውን ይያዙ እንጂ ማጣበቂያ ብቻ እያቦኩ አይቅሩ። በአዊኛ የሚማሩትም የክፍሎቹን ስም በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ጭምር ይጻፉ፤ ክንፍና ጅራት በአገሩ ቋንቋ ስም አላቸው።

ሽማግሌዎችም መጥታችሁ እንድትመለከቱ እለምናለሁ። ፈረስ ስትገዙ ደረቱን ከወገቡ፥ እግሩን ከቁመቱ ጋራ በዓይን ታስተያያላችሁ። ያው ዓይን የጅራቱ ክንፍ ከልክ በላይ መተለቁን ከማስመሪያው በፊት ያገኘዋል። ያን ጊዜም ያ ድምፅ በአባቶቻችሁ ዘንድ ምን ማለት እንደ ነበረ ለልጆቹ ንገሯቸው።

አምሳሉ ሲያልቅ የሰንደቅ ዓላማው ሦስት ቀለማት በክብ ይቀቡበት፤ የትኛው ቀለም ከውጭ የትኛው ከውስጥ እንደሚሆን ግን ከመቀባቱ በፊት በፎቶግራፍ ይመርመር። የልኩ ወረቀትም ከሠሩት ልጆች ስም ጋራ ከአምሳሉ ሥር ይሰቀል፤ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች ለክተው ስሕተት ያገኙበት እንደ ሆነ በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፉት።