ሕያውን ከሙት የሚለይ ኤሌክትሪክ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሳይንስ ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)



ይህን ንግግር በምናሰናዳበት ቀን ከመካከላችን የአንዱ አያት በደጃፋቸው ጤፍ ያበጥሩ ነበርና ስለ ምን እንደምንከራከር ጠየቁን። ሕዋስን ከሕዋስ ስለ መለየት ነው ብንላቸው፤ «እንግዲያው ወንፊት አምጡ!» አሉን። ሳቅን እንጂ ነገሩ ከእውነት የራቀ አልነበረም። ነገር ግን ወንፊት በመጠን ይለያል፤ ሰፌድ በክብደት ይለያል። በመጠንም በክብደትም የሚመሳሰሉ ሁለት ሕዋሳት፤ አንደኛው ሕያው ሌላው የሞተ ቢሆን፤ በምን ይለያሉ?

መልሱ የሚጀምረው ከሚዶ ነው። የፕላስቲክ ሚዶ በደረቀ ጠጕር ላይ ደጋግማችሁ አሽታችሁ ወደ ወረቀት ቍርጥራጭ ብታስጠጉት ወረቀቱ ብድግ ብሎ ይለጠፍበታል። ወረቀቱ በራሱ የኤሌክትሪክ ቻርጅ የለውም፤ ታዲያ ለምን ተሳበ? በሚዶው አጠገብ ሲደርስ በውስጡ ያሉት ተቃራኒ ቻርጆች በጥቂቱ ይለያያሉ፤ አንደኛው ወገን ወደ ሚዶው ይቀርባል፤ ሁለተኛው ይርቃል። የኤሌክትሪኩ መስክ በሚዶው አጠገብ የበረታ፤ ራቅ ሲል የደከመ ስለ ሆነ የቀረበው ወገን ያሸንፋል። መስኩ በሁሉም ስፍራ እኩል ቢሆን ኖሮ ወረቀቱ ከቦታው ባልተነሣ ነበር። ይህን ልብ በሉልን፤ የቀረው ነገር ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነውና። (በክረምት ይህንኑ ልናሳይ ሞክረን፤ አየሩ እርጥብ ስለ ነበረ ወረቀቱ አልነቃነቅ ብሎን በታናናሾቻችን ፊት አፍረናል።)

ኸርበርት ፖል የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ በ1951 ዓ.ም. ለዚህ ዓይነቱ እንቅስቃሴ ዳይኤሌክትሮፎረሲስ የሚል ስም ሰጡት። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። በ1966 ዓ.ም. ደግሞ ከአንድ ባልደረባቸው ጋር ሆነው ሕያውና የሞተ የእርሾ ሕዋስ ቀላቅለው በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ቢያስገቡት፤ ሕያዋኑ መስኩ ወደ በረታበት ተሰበሰቡ፤ ሙታኑ ግን ቀሩ። ሕያው ሕዋስ ጨዉን በስስ ቆዳው ውስጥ ጠብቆ ይይዛል፤ ሲሞት ግን ቆዳው ይቀደድና ጨዉ ይፈስሳል። ጨው ኤሌክትሪክን ያስተላልፋልና መስኩ ልዩነቱን ያውቀዋል። ኤሌክትሪኩ አቅጣጫውን በሴኮንድ የሚለዋውጥበትን ብዛት ስንቀይር ደግሞ የሚሳበውና የሚገፋው ይለወጣል። በዝግታ ሲለዋወጥ የሚታየው የሕዋሱ ቆዳ ነው፤ በሴኮንድ ሚሊዮን ጊዜ ያህል ሲለዋወጥ ግን መስኩ ቆዳውን አልፎ ውስጡን ይመረምራል። ለእኛ ከሁሉ የሚያስደንቀን ይኸው ነው።

ዛሬ ይህ ሥራ የሚሠራው የጠጕር ውፍረት ባላቸው ቦዮች ውስጥ ነው። በመስተዋት ላይ ስስ የወርቅ መሥመሮች ይነጠፋሉ፤ ሕዋሳቱን የያዘው ውኃ በላያቸው ያልፋል። ትንሽነቱ ለጌጥ አይደለም። በ50 ማይክሮሜትር ርቀት ላይ 10 ቮልት ብናደርግ፤ ያንኑ ብርታት በአንድ ሴንቲሜትር ርቀት ለማግኘት 2,000 ቮልት ባስፈለገን ነበር።

በ1995 ዓ.ም. በአሜሪካ በሂውስተን ከተማ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የጡት ካንሰር ሕዋሳትን ከደም ሕዋሳት በዚህ መንገድ ለይተዋል፤ የካንሰሩ ሕዋሳት በወርቁ ላይ ሲያዙ የደሙ ሕዋሳት ታጥበው ሄዱ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የወባን ነገር ሞከሩት። ወባ የገባበት ቀይ የደም ሕዋስ ቆዳው ስለሚያፈስ ጨዉን ያጣል፤ ስለዚህ ጤነኞቹ ሲያዙ የታመሙት አመለጡ። ቈላ ዘመድ ያለው ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አይጠፋውም።

ይሁን እንጂ እንደ ተአምር አናወራውም። ደም ጨዋማ ነው፤ በጨዋማ ውኃ ውስጥ ኤሌክትሪኩ ሙቀት ይፈጥራል፤ የሕዋሱና የውኃው ልዩነትም ይደበዝዛል። ስለዚህ ሕዋሳቱን አስቀድሞ በስኳር ውኃ ውስጥ ማድረግ ያስፈልጋል፤ በጠባቡ ቦይ ውስጥም በአንድ ጊዜ የሚያልፈው ጥቂት ጠብታ ነው። በጤና ጣቢያዎቻችን ወባ ዛሬም የሚታወቀው በማይክሮስኮፕና በፈጣን መመርመሪያ ነውና ማይክሮስኮፑን ለመጣል የሚቸኵል ሰው እኛን ምስክር አይጥራ።

አያታችን ጤፉን አበጥረው ሲጨርሱ፤ «ከተለየ በኋላስ ይሞታል ወይ?» ብለው ጠይቀውን ነበር። ያን ቀን መልስ አልነበረንም። አንብበን እንደ ተረዳነው ግን፤ መስኩ በልክ ከሆነ ሕዋሱ ቀለም ሳይነካው፤ ምልክት ሳይለጠፍበት፤ በሕይወት ይወጣል፤ እንደ ገናም ሊራባ ይችላል። እርሳቸው ዛሬ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋልና መልሳችን ይኸው ነው፤ እማማ።

ሚዶውና ወረቀቱ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። መሞከር የምትፈልጉ፤ እባካችሁ ጠጕራችሁን ቅባት ያልተቀባችሁ ቅደሙ።