የታርጋ ካሜራና የመንገደኛው ነጻነት



ታርጋ በመኪና ላይ የሚለጠፈው እንዲታይ ነው። ስለዚህ ፖሊስ ታርጋ ቢያይ የሚያስገርም ነገር የለም፤ ጥያቄ የሚያስነሣው ያየውን ሁሉ መዝግቦ ማከማቸቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በብሪታንያ የተፈለሰፈው ታርጋ አንባቢ መሣሪያ የሚያልፈውን መኪና ቁጥር አንብቦ ከተፈላጊዎች ዝርዝር ጋር ያመሳክራል፤ ቦታውንና ሰዓቱንም ይመዘግባል። የተሰረቀ መኪና ለማግኘት መርዳቱ አይካድም።

ዳሩ ግን የካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት ኦዲተር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሪፖርት፣ የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ካከማቻቸው 320 ሚሊዮን ምስሎች ውስጥ 99.9 በመቶው፣ ምስሉ በተነሣበት ጊዜ በተፈላጊነት ያልተመዘገቡ መኪናዎች ምስል መሆኑን ገልጿል። አንድ ምስል ብቻውን እምብዛም አይናገርም። ሲደራረብ ግን ሰውየው የት እንደሚያመልክ፣ የትኛው ሐኪም ዘንድ እንደሚታከም፣ ከማን ጋር እንደሚውል ይመሰክራል።

እንግዲህ መፍትሔው መሣሪያውን መንቀል ሳይሆን መዝገቡ የሚቆይበትን ጊዜ በሕግ መወሰን ነው። ይህ እንደማይቻል ለሚከራከር ሁሉ የኒው ሃምፕሻየር ሕግ መልስ ይሰጣል፤ ከተፈላጊ ጋር ያልተገናኘ መረጃ በ3 ደቂቃ ውስጥ እንዲደመሰስ ያዛልና። ወንጀለኛን መፈለግ የፖሊስ ተግባር ነው፤ የንጹሑን መንገደኛ ውሎ ማስቀመጥ ግን ከዚያ ተግባር ውጭ ነው።