ለፊልሙ ብቻ ሳይሆን ለውይይቱም መብራት እናስቀር

(በደጎሎ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ መኪና ባትሪ ነው። «ባትሪና ኤች አይ ቪ ምን አገናኛቸው?» ትሉኝ ይሆናል። ያገናኛቸዋል። ክበባችሁ መብራት ወዳልገባበት ቀበሌ በመኪና ሄዶ የትምህርት ፊልም ላሳይ ቢል፣ «የትኛውን ፊልም?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «በምን ኃይል?» የሚለው ይመጣል። ከዚያ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ሌላ ጥያቄ አለ፤ «ፊልሙ ካለቀ በኋላስ?»

በመኪና ፊልም ማዞር አዲስ ነገር አይደለም። በ1939 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የእንግሊዝ የቅኝ ግዛት ፊልም ክፍል ፕሮጀክተር በጫኑ መኪናዎች የአፍሪካን ገጠሮች ያዳርስ ነበር። ከመኪናው ጋር ታዲያ ፊልሙን በአካባቢው ቋንቋ የሚያብራራ ሰው አብሮ ይሄዳል። ማሽኑ ብቻውን እንደማያስተምር ያኔም ታውቋል ማለት ነው።

«ጀኔሬተር አለ አይደል?» የሚል አይጠፋም። አለ፤ ግን ነዳጅ ይጠጣል፣ ይጮኻል፣ ቤት ውስጥ ከተነሳ ደግሞ ጭሱ ሰው ይገድላል። ባትሪ ዝም ያለ ነው። ድምጿ ዝቅ ያለ ልጅ የልቧን ጥያቄ ስትጠይቅ የምትሰማው በጸጥታ ነው።

እስቲ ደብተር አውጡና አብረን እናስላ። የባትሪ ቮልት በአምፔር-ሰዓት ሲባዛ ዋት-ሰዓት ይሰጣል። 12 ቮልት፣ 100 አምፔር-ሰዓት የተጻፈበት ባትሪ 1200 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ይሁንና የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች በተደጋጋሚ ከወረደ ዕድሜው ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ የእኛ ድርሻ 600 ነው።

አሁን ወጪውን እንቁጠር። አነስተኛ የኤልኢዲ ፕሮጀክተር 80 ዋት፣ ላፕቶፕ 40፣ ስፒከር 30 ቢወስዱ ድምሩ 150 ዋት ነው። የአንድ ሰዓት ተኩል ፊልም 225 ዋት-ሰዓት ይፈልጋል። ኢንቨርተሩ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 ሲቀይር የራሱን ድርሻ በሙቀት መልክ ያባክናል፤ 15 በመቶ ብንይዝለት 265 ይሆናል። ከፊልሙ በኋላ ለአንድ ሰዓት ውይይት 10 ዋት አምፖልና ማይክ የሚሰካበት ስፒከር 47 ይጨምራሉ። ጠቅላላው 312፤ ከ600 በታች ነው፣ ይበቃናል።

ፕሮጀክተሩ 300 ዋት የሚወስድ የድሮ ባለ አምፖል ቢሆንስ? ያው ፊልም ብቻውን 653 ይበላል። ድርሻችን ፊልሙ ሳያልቅ አለቀ፤ ለውይይት ምንም አልተረፈም ማለት ነው። አበው «መጥኖ መደቆስ» የሚሉት ይህንን ነው። ተመልካቹ ከአርባ የማይበልጥ ከሆነማ ፕሮጀክተሩንም ላፕቶፑንም ተዉት፤ ፍላሽ የሚያነብ 50 ዋት ገደማ ቴሌቪዥን ለአንድ ክፍል በቂ ነው።

አንድ ነገር አደራ! ፊልሙን መኪናው በሚነሳበት ባትሪ አታሳዩ። ያ ባትሪ የተሠራው ሞተሪኖውን ለማዞር ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ኃይል እንዲሰጥ ነው፤ ለሰዓታት ቀስ እያለ እንዲፈስ አይደለም። ኢንቨርተሩ ጮኾ ያስጠነቅቀናል ብላችሁም አትዘናጉ። ብዙዎቹ የሚያቆሙት ባትሪው 10.5 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ያኔ መኪናው አይነሳም። ወደ ወንጭት ሸለቆ በወረደ መንገድ ላይ መኪና ቆሞ ማደር ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

መፍትሔው ሁለተኛ ባትሪ ነው፤ በተለይ ለሶላር የሚሸጠው፣ ቀስ ብሎ እንዲፈስ የተሠራው። ጋራዥ ውስጥ በመለያያ ከመኪናው ጋር ይገናኛል። መኪናው ሲሄድ ዲናሞው ሁለቱንም ይሞላል፤ ሲቆም ይለያያሉ፣ ፊልሙም የመነሻውን ባትሪ አይነካም። 100 ዋት ሶላር ከነመቆጣጠሪያው ጣሪያ ላይ ቢታሰር ደግሞ በበጋ ጥሩ ፀሐይ በዋለበት ቀን ያጠፋነውን 312 ሊተካ ይችላል። በክረምቱ ጉም ግን አትተማመኑበት። የደጋው ብርድም የራሱ ድርሻ አለው፤ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ባትሪ ከአቅሙ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ትርፍ የምንይዘው።

ለጥንቃቄም ሦስት ነገር ያዙልኝ። በፖዘቲቩ ራስ አጠገብ ፊውዝ ይግባ። ከባትሪ እስከ ኢንቨርተር ያለው ሽቦ ወፍራምና አጭር ይሁን፤ በ220 ቮልት ከአንድ አምፔር በታች የሆነው 150 ዋት በ12 ቮልት ከ12 አምፔር በላይ ስለሆነ ቀጭን ሽቦ ይግላል፣ ይቀልጣል። ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ ደግሞ ሲጋራም ክብሪትም አይቅረበው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። ለውይይቱ መብራት ይቅር የምለው ለምንድን ነው? በእጃችን ያሉት ፊልሞች ብዙዎቹ የቆዩ ናቸው። የከሳ በሽተኛ፣ ለቅሶ፣ የቀብር ሥነ ሥርዓት ያሳያሉ። መብራቱ እዚያ ላይ ድርግም ቢል ሕዝቡ ምን ይዞ ይሄዳል? ፍርሃትን ብቻ! ፍርሃት ደግሞ መገለልን ይወልዳል፤ የተገለለ ወገን ከምርመራም ከመድኃኒትም ይሸሻል።

እውነቱ ግን ተለውጧል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ ይሰጣል። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድና በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ወርዶ የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። በሕክምና ክትትል ላይ ያለች እናት ከቫይረሱ ነፃ የሆነ ልጅ መውለድ ትችላለች። የድሮው ፊልም ይህን አይነግራችሁም፤ የሚነግረው ከፊልሙ በኋላ የሚቆመው ሰው ነው። በ2008 ዓ.ም. የሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 24 ዓመት ከሆናቸው ወጣቶች ስለ መከላከያው የተሟላ ዕውቀት የነበራቸው ሴቶች 24 በመቶ፣ ወንዶች 39 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ጥያቄው ብዙ ነው፤ ጊዜም ብርሃንም ይፈልጋል።

ከላላም ሆነ መካነ ሰላም ያሉ ጓደኞቻችሁ እንዲህ ያለ ዝግጅት ሲያስቡ ይህን ንገሯቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን አስቀድማችሁ ጋብዙ። ፊልሙን ራሳችሁ አይታችሁ ያረጀውን መልእክት ለዩ። ቢቻል በቀን፣ መስኮቱ በጨርቅ በተጋረደ ክፍል ውስጥ፣ አቡጀዲ ወጥራችሁ አሳዩ፤ ሴት ልጆች ሳይመሽባቸው ቤታቸው ይገባሉ። ባትሪውን ከማስነካት በፊት ለኩት፤ አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ ነው። ኃይሉ ለሁለቱም እንደማይበቃ ስሌቱ ካሳያችሁ ደግሞ አትጨነቁ፤ ፊልሙን አሳጥሩት፣ ውይይቱን ግን አትንኩ።

በሉ አሁን ተራው የእናንተ ነው፤ ጠይቁ!